የተመለሰው አቅማዳ

ባልና ሚስቱ ከአንድ ምድጃ ዳር ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠው፣ አንዳቸው ለሌላው ቃል ሳይተነፍሱ ስምንት ዓመት ኖሩ። ዲዳ ሆነው አይደለም! አፍማ ነበራቸው፤ ለከብቱም ለጎረቤቱም ለእግዜሩም የሚበቃ አፍ። በመካከላቸው ግን ልጃቸው እታገኘሁ ነበረች። አባቷ ቸኮል እሳቱን እያየ፣ «እናትሽን በያት፣ ነገ ገበያ እወጣለሁ፤ ስንቅ ታሰናዳ» ይላል። እናቷ ሸጋዬ፣ እጇን ብትዘረጋ የምትነካው ሰው ሆኖ ሳለ፣ «አባትሽን በዪው፣ ስንቅ ከምን ይሰናዳል? ከአመድ?» ትላለች። እታገኘሁ ዞር ትልና፣ «አባባ፣ ለስንቅ የሚሆን አልተረፈም ይላሉ» ትላለች። አመዱን ትተዋለች። ከሰው ቃል ላይ መርዙን ገፍፎ ማቀበልን የተማረችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አሁን አሥራ ሰባት ሆኗታል። እኩዮቿ ተድረው ወልደዋል። እርሷን ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች አባቷ ሁለት ጊዜ ከደጅ መልሷል። ምክንያቱን ጮክ ብሎ አይናገረውም እንጂ አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ እርሷ ከሄደች ያ ቤት በምን አፉ ይናገራል?

ታናሽ እህቷ ብርሀንነሽ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናትና አባቷ ሲነጋገሩ ሰምታ አታውቅም። ሦስት እንጨት በእራፊ ጠቅልላ ትጫወታለች፤ አንዱ አባት፣ አንዷ እናት፣ ሦስተኛዋ በመካከል። እታገኘሁ አንድ ቀን፣ «ይቺኛዋስ ማናት?» ብትላት፣ ሕፃኗ በጥያቄው ተገርማ፣ «ይቺማ በዪው ናት! በዪው የሌለበት ቤት አለ እንዴ?» አለቻት። እታገኘሁ ስቃ ልትሞት! ሳቁ የመረራት ኋላ ነው።

መንደራቸው ወይራ አፋፍ ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከደጃቸው ቁልቁል ቀጭን ጅረት አለች። ከጅረቷ ማዶ የቸኮል ታናሽ ወንድም የአምባቸው ቤት ይታያል፤ ጢሱ ይታያል፣ ሳሉ ይሰማል። ሁለቱ ቤቶች ግን እሳት አይጫጫሩም። ምድጃው ከጠፋ እታገኘሁ የሸክላ ገሏን ይዛ፣ በአጎቷ ደጅ አልፋ፣ ዳገቱን ወጥታ ሀጀራ ዘንድ ትሄዳለች። ሀጀራ አፏ የማያርፍ ደግ ጎረቤት ናት። «ያረቢ! በአጎትሽ ጢስ ውስጥ አልፈሽ እኔ ዘንድ እሳት ፍለጋ? ክርስቲያኖች ጾማችሁ በዛ ስል፣ ለካስ እሳትም ትጾማላችሁ!» ትላታለች፤ ፍሙንም እየሰጠቻት፣ «አብሽሪ፣ አንድ ቀን ይሻራል» ትላታለች።

የዚህ ሁሉ ሥር ከቸኮል አይጀምርም። አባቱ ገበየሁ ከሚስቱ ከአልታዬ ጋር የተጣላ ጊዜ፣ አልታዬ ታናሹን ልጇን አምባቸውን ይዛ ከጅረቷ ማዶ ወደ አባቷ መሬት ተሻገረች። ቸኮል ከአባቱ ጋር ቀረ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ የሁለቱንም ቃል በጅረቷ ላይ እያሻገረ አደገ። ገበየሁ የሞት አልጋው ላይ ሆኖ፣ ሚስቱና ታናሽ ልጁ አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ዋልክ» ሳይሉት ሊሞት መሆኑ አንገብግቦት፣ ቸኮልን ጠርቶ እንዲህ አለው፤ «ከዚያ ቤት እሳት የጫረ፣ እህል የቀመሰ፣ ደጁን የረገጠ ልጄ አይደለም! አጥንቴ እሾህ ሆኖ ይውጋው!» ይህን ብሎ ሞተ። ቆንጆ ውርስ! ሌላው ለልጁ በሬ ያወርሳል፤ ገበየሁ ለልጁ ኩርፊያውን አወረሰው።

ሸጋዬ ይህን እርግማን የጣሰችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በማርያም ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አማቷን አልታዬን አገኘቻቸውና ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ሌላ ምንም አላደረገችም! አማት ጉልበት መሳም ምን ኃጢአት አለው? ቸኮል ግን አየ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለሚስቱ አንደበቱን ዘጋባት። ያኔ ብርሀንነሽ በሆዷ ነበረች።

ከዚያ ስልሳ አምስት መጣ። በልጉ ቀረ፤ ክረምቱ ሊይዝ ሲል ውርጭ መታው። በሬዎቹ መካነ ሰላም ገበያ ቆመው የሚገዛቸው አጡ፤ ከቆሙበት ወደቁ። ሰዉ ሳማ ቀቅሎ በላ፤ ሳማውም አለቀ። በየመንገዱ ወደ ደሴ የሚጎርፈው ሕዝብ ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ። ሹማምንቱስ? ሹማምንቱ «ረሃብ የሚባል ነገር የለም» እያሉ ግብር ይሰበስቡ ነበር! የሌለ ረሃብ ስንቱን ቀበረ! የስልሳ ስድስት ሁዳዴ ሲገባ ወይራ አፋፍ ጾም የያዘና ጦም ያደረው የማይለይበት መንደር ሆኖ ነበር። ብርሀንነሽ እግሯ አብጦ፣ ጠጉሯ ሳስቶ ከመደብ መነሣት አቃታት።

አንድ ረፋድ ላይ ሀጀራ አቅማዳ ተሸክማ ገባች። የሞላ አቅማዳ አልነበረም፤ የአንድ ሰው የአንድ ወር ቀለብ የሚሆን ባቄላ ነው። ቸኮል ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበርና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሸጋዬ፣ ይኸን እማማ አልታዬ ናቸው የላኩት። አምባቸው ቤትም የቀረው ትንሽ ነው፤ እሳቸው ግን ‹እኔ ጠግቤያለሁ፤ ድርሻዬን ለልጅ ልጄ ስጡልኝ› አሉ። ወላሂ፣ በጄ ነው ሰፍረው የሰጡኝ» አለች።

ሸጋዬ አቅማዳውን እንደ ልጅ አቀፈችው። «እታገኘሁ፣ አባትሽን በዪው... ልጄ እየሞተች ነው በዪው። እርግማኑ በእኔ ላይ ይሁን፤ አጥንቱ እኔን ይውጋኝ በዪው!»

እታገኘሁ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ደጃፉ ላይ ቆመች። ይህን ቃል ሳትገፍፍ፣ እንዳለ፣ ከነደሙ አቀበለችው። ቸኮል ለረጅም ጊዜ ማዶውን አየ። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብትወጣው! ግን ምን አለ?

«መልሺ።»

«አባባ፣ ኧረ ስለ ማርያም ብለው...»

«መልሺ አልኩሽ! የአባቴን አጥንት አልረግጥም። እናትሽንም በያት፣ እጇን ከአቅማዳው ላይ ታንሣ።»

እናቷን መንገር አላስፈለጋትም። ሸጋዬ ሰምታለች፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ሁሉንም ትሰማ ነበር። እታገኘሁ አቅማዳውን ከእናቷ ክንድ ፈልቅቃ ተሸከመች። አዎ፣ እርሷው ናት የተሸከመችው! በሕይወቷ ሁሉ ራሷን ይቅር ያላለችበት ነገር ይህ ነው። ጅረቷ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። የአቅማዳው አፍ በአንድ ቋጠሮ የታሰረ ነው። ፈትታ፣ አንድ እፍኝ ዘግና፣ በመቀነቷ ጫፍ ብትቋጥር ማን ያያታል? ባቄላው በቆዳው ውስጥ ጣቶቿን እየነካ ያንሾካሹካል... ግን የታዘዘችውን ማቀበል እንጂ ሌላ አልተማረችም። ተነሥታ ተሻገረች።

አምባቸው ደጁ ላይ አገኛት። ፊቱ በአንድ አፍታ የከሰለ መሰለ። «መልሺ አለ?» አላት። «አዎ» ስትል ራሷን ነቀነቀች። ወደ ውስጥ ልትገባ ስትል ክንዱን ዘረጋ፤ «አይሆንም። ወንድም የመለሰው እህል ጎታ አይገባም፤ ቤት ይፈታል። እዚያ ከውጭ፣ ከግድግዳው ሥር አኑሪው።» የአምባቸው ሚስት ንግሥቴ በሩን ተደግፋ አቅማዳውን ስታይ ምራቋን ዋጠች፤ ቃል ግን አልተናገረችም። እርሷም የዚያ ቤት ሰው ሆናለች።

ከውስጥ፣ ከጨለማው መደብ፣ የአልታዬ ድምፅ እንደ ክር ቀጥኖ መጣ። «ማናት እሷ?»

«እታገኘሁ ነኝ፣ እማማ።»

«ያቺ ትንሿ... በላች?»

እታገኘሁ አጎቷን አየችው። አጎቷ መሬት አየ። በዘጠኝ ዓመቷ የለመደችው ሙያ ምላሷ ላይ መጣና፣ «አዎ፣ በልታለች፤ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብላለች» አለች።

«ተመስገን» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ በኋላ ምግብ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ጀመር። ልጅ በልታለቻ! ምን ቀራቸው? በአሥራ አንደኛው ቀን አረፉ። የተመለሰው አቅማዳ ከራስጌያቸው አሥር እርምጃ ርቆ፣ ቋጠሮው ሳይፈታ ቆሞ ነበር። ጎታ የማይገባ፣ ሰው የማይበላው፣ የማንም ያልሆነ ባቄላ!

የለቅሶው ጩኸት ጅረቷን ተሻግሮ መጣ። ቸኮል የእናቱን ስም ሰማ። እናቱን! ጡቷን የጠባትን ሴት! ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። ከዚያ ጋቢውን ራሱ ላይ ስቦ፣ «እናትሽን በያት፣ በሩን ትዝጋ» አለ። ሸጋዬ አልዘጋችም። እታገኘሁም አልነገረቻትም። የመጀመሪያው ያልተላለፈ ቃል እርሱ ነው። በሩ እንደተከፈተ፣ ሰውየው እንደተከናነበ፣ ለቅሶው እንደገባ ዋለ።

ብርሀንነሽ ከአያቷ ቀብር በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ከደጅ ገብታ መደቡን ስትነካ፣ ሦስቱን እንጨቶቿን ደረቷ ላይ አስተኝታ እህቷን ጠራቻት። «እታገኘሁ... አንቺ ስታገቢ በዪው እኔ ነኝ፣ አይደል?»

እታገኘሁ ምን ትበላት? «አይደለሽም፤ አንቺ ሙሽራ ነው የምትሆኚ» ልትላት አፏን ከፈተች። ግን ሕፃኗ መልሱን አልጠበቀችም... ትንሿ እጇ ተፈታ፤ መካከለኛዋ እንጨት ተንከባልላ መሬት ወደቀች።

ሸጋዬ አልጮኸችም። የጮኸችው እታገኘሁ ናት፤ ጩኸቷም የኀዘን ብቻ አልነበረም።

በረሃብ ዘመን ለቅሶ ሰው አይበዛበትም። ከቤተ ክርስቲያኑ ሲመለሱ ከደጁ የተቀመጡት አሥር አይሞሉም። ሀጀራ መጥታለች። ሼህ ጀብሪልም በምርኩዛቸው ተደግፈው መጥተዋል፤ እሳቸው የአገሩ አበጋር ናቸው፤ ደም የተቃባ ሁሉ፣ ክርስቲያንም ሆነ እስላም፣ የሚታረቀው በእሳቸው ፊት ነው። ለለቅሶ ንፍሮ እንኳ የሚቀቀል አልነበረም። ሰዉ ባዶ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ እንደተቀመጠ፣ አምባቸው ከጅረቷ ማዶ ብቅ አለ። አቅማዳውን ራሱ ላይ ተሸክሟል። በሰባት እርምጃ ርቀት ቆመ።

ቸኮል ብድግ አለ። «አትለፍ! እርግማን አለብኝ። ሼህ፣ እርስዎ ይንገሩት።»

ያን ጊዜ ነው እታገኘሁ ከሴቶቹ መካከል የተነሣችው። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ በአባቷ ፊት ቆመች፤ ሴት ልጅ ለአባቷ የማትለውንም አለች።

«አንተ ራስህ ንገረው!» አለችው። አንተ! ከሴቶቹ አንዷ «ኡኡ» ብላ አፏን ያዘች። «እኔ ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ቃል አልሸከምም። ወንዶቹ ርስት ስትፈልጉ ዘር ትቆጥራላችሁ አይደል? እከሌ እከሌን ወለደ እያላችሁ እስከ ሰባት ቤት! ዛሬ እኔ ልቁጠርላችሁ። የገበየሁ አባት ወንድሙ ወረኢሉ ላይ ሲሞት አላለቀሰለትም፤ ገበየሁን ወለደ። ገበየሁ ሚስቱን አኩርፎ ሞተ፤ ቸኮልን ወለደ። ቸኮል ወንድሙን አኮረፈ፣ ሚስቱን አኮረፈ፣ እናቱን ሳይቀብር ቀረ፤ ብርሀንነሽን ወለደ። ብርሀንነሽስ ማንን ወለደች? ንገሩኝ እንጂ! ማንን ወለደች? ቆጠራው አለቀ! ርስቱን ውረሱት!»

ሼህ ጀብሪል ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ተናገሪ ልጄ፤ እውነት ነው የምትናገሪው» አሉ።

አምባቸው አቅማዳውን መሬት አወረደ። ድምፁ ተሰባብሮ ነበር። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። እናታችን፣ ‹ፋሲካን አብረን እንፈታ ብዬ ገበየሁን ላክሁበት፤ ምን በድዬው ነው ዝም ያለኝ?› እያለች ሞተች። መልእክቱን ማን ይዞት ነበር?»

ቸኮል ሁለት እጁን መሬት ላይ ተክሎ ወደቀ። «እኔ...» አለ። «እኔ ይዤው ነበር። ዋጥኩት። አልነገርኩትም! እናቴና አንተ ከተመለሳችሁ አባቴ አንተን ይወዳል፣ እኔን ይረሳል ብዬ ፈራሁ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር! አባቴም ሳይልኩበት የቀሩ መስሎት ረግሞ ሞተ። ይህን ሁሉ ዓመት የፈራሁት አጥንቱን አይደለም... የፈራሁት እውነቱ እንዳይወጣ ነው።»

እነሆ፤ እናት የሞተችበት፣ ሕፃን የሞተችበት፣ ሁለት ቤት የፈረሰበት የአባት እርግማን ይህ ነበር፤ አንድ ልጅ የዋጣት አንዲት ቃል! ልጅስ ልጅ ነው፤ ፈርቶ ነው እንበል። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ግን ምን ይባላል? እታገኘሁ አባቷን ቁልቁል አየችው። ልታዝንለት ፈለገች፤ አልሆነላትም። ከዚያ እማማ አልታዬ ትዝ አሏት። «በልታለች» ያለቻቸው። እርሷም ከዚያው ዘር ናት! ያን ጊዜ ቁጣዋ ሁለት ስለት አወጣ፤ አንዱ ወደ አባቷ፣ አንዱ ወደ ራሷ።

ሼህ ጀብሪል ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። «በተዋጠ ቃል የተረገመ እርግማን አይያዝም» አሉ። «አምባቸው፣ ያንን አቅማዳ ፍታው። የለቅሶው ንፍሮ ይሁን። የሁለቱም ቀብር አንድ ለቅሶ ነው።»

አምባቸው ቋጠሮውን ፈታ። ባቄላው በሰፌድ ሲፈስስ ግማሹ ዱቄት ሆኖ ብናኙ ወጣ፤ ቀድሞ የገባበት ነቀዝ በልቶታል። ነቀዝ እርግማን አይፈራማ! የቀረውን ለቅመው ቀቀሉት። እሳቱን ግን ማን ያምጣ? የሸጋዬ ምድጃ ከብርሀንነሽ ጋር ጠፍቷል። እታገኘሁ ገሏን አነሣች፤ ዳገቱን አልወጣችም፤ በቀጥታ ጅረቷን ተሻግራ ከንግሥቴ ምድጃ ፍም ጭራ መጣች። ሀጀራ ይህን ስታይ ነው ሆዷ ባብቶ የጮኸችው። ንፍሮውን ሁሉም አንድ አንድ እፍኝ ዘገነ። ሸጋዬ ድርሻዋን በእጇ ይዛ፣ ሳትቀምሰው፣ አንድ በአንድ ስታየው ዋለች። ይህችን እፍኝ ነበር የለመነችው! ይህችን!

ከዚያ በኋላ አብዮት መጣ። መካነ ሰላም ሰልፍ ተሰለፈባት፣ ዘማች ተማሪዎች መጡባት፣ መሬት ለአራሹ ሆነ። በስልሳ ሰባት ሰኔ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ወይራ አፋፍን በገመድ ለካው። ገበየሁና አባቶቹ የተጨራረሱበት፣ ዘር የቆጠሩበት፣ ወንድም ከወንድም የተቆራረጠበት ያ ርስት ሁሉ፣ በአንድ ረፋድ ስብሰባ እጅ ወጥቶ ተሸነሸነ። ሊቀ መንበሩ የብርሀንነሽን ስም በቤተሰቡ ዝርዝር ውስጥ ያስገባ ዘንድ ሲጠይቅ ቸኮል «የለችም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ድርሻ የሚሰጠው በነፍስ ወከፍ ነበርና የእርሷ ድርሻ ቀረ።

የዚያን ቀን ቸኮል ወደ ቤቱ ገብቶ ከምድጃው ዳር ተቀመጠ። እታገኘሁ እንጨት ትሰብራለች፤ ሸጋዬ ጥጥ ትፈትላለች። «እናትሽን በያት...» ብሎ ጀመረ።

እታገኘሁ መጥረቢያውን አስቀመጠች። «እዚያው አሉ፣ አባባ። ይንገሯቸው።»

ቸኮል እንደ ሕፃን ቃል ፈለገ። ከዚያ በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ሸጋዬ» አለ።

እንዝርቱ መዞሩን አቆመ። «አቤት።»

«መሬቱ ሄደ።»

ሸጋዬ ቀና ብላ አየችው። «መሬቱማ ይሂድ» አለችው። «ልጄ ከመሬቱ በፊት ሄዳለች።» ድምጿ ከፍ አላለም፤ ቸኮል ግን በጥፊ እንደተመታ ሰው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አነባ። ሸጋዬ አላባበለችውም። ብዙ ቆይታ ተነሣችና ለእጁ መታጠቢያ ውሃ አመጣችለት፤ ራሷ፣ በእጇ፣ ማንንም ሳትልክ።

እታገኘሁ በዓመቱ ተዳረች። ለጥሎሽ ከመጣው ይልቅ አጥብቃ የያዘችው ያንን ባዶ አቅማዳ ነው። ዛሬም ከቤቷ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፤ እህል አታስገባበትም። ልጆቿ «ይህ ምንድን ነው?» ሲሏት ከሥሩ ጀምራ ትነግራቸዋለች፤ ማን ማንን እንዳኮረፈ፣ ማን ምን እንደዋጠ፣ እርሷም ለእማማ አልታዬ ምን ብላ እንደዋሸች። አንዳች አትደብቅም። ባሏ ተቆጥቶ በልጇ በኩል ቃል ሊልክባት ሲሞክር፣ የልጇን ትከሻ ገፋ አድርጋ፣ «አንቺ ሂጂ ተጫወቺ፤ እኔው አለሁ» ትላታለች።

ታዲያ ለቅሶ ደራሽ ሁሉ የሕፃኗን ሞት «ዕድሏ ነው፤ የጻፈባት ነው» ይል ነበር። ምን ዕድል! ዝናቡን ያስቀረው እግዜር ይሁን፤ ግብሩን ያስከፈለው ሹም ይሁን፤ አቅማዳውን ያስመለሰው ግን ማን ነው? በዚያ ቤት ግንባር ላይ የጻፈ ሰማይ አልነበረም፤ አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጁ እያቀበለ፣ በእጁ የጻፈው ነው። ሰው በእጁ የጻፈውንም ሰው በእጁ ይፍቃል። እታገኘሁ ፍቃዋለች። ግን በማን ዋጋ? በሰባት ዓመት ልጅና በሦስት እንጨት ዋጋ! መካከለኛዋ እንጨት እስከ ዛሬ ከአቅማዳው ውስጥ ናት።